ሻንጣው ተሰብሮ ደረሰ፤ ኤርፖርት ላይ ግን አላመለከትንም፤ ጊዜው አልፎብናል?

ጥያቄ፦ «እናቴ ከአዲስ አበባ ተነስታ በዋሽንግተን ዳላስ ኤርፖርት አድርጋ ዴንቨር መጣች። ከሁለቱ ሻንጣዎቿ አንዱ ሁለት ጎማው ተነቅሎ፣ ጎኑ ተቀዶ ደረሰ። የበርበሬው ላስቲክ ፈንድቶ አዲሱ የሐበሻ ቀሚሷ ላይ ፈሷል። ጀበናውም ተሰብሯል። መሽቶ ነበር፤ እሷም በጣም ደክሟት ስለነበር ምንም ሳንናገር ወጣን። ዛሬ 4ኛ ቀናችን ነው። ስደውል ‹ጎማና እጀታ አንሸፍንም፣ የሚሰበር ዕቃ አይመለከተንም፣ ደግሞም ኤርፖርቱን ሳትለቁ ማመልከት ነበረባችሁ› አሉኝ። ቲኬቱን የገዛነው ከአንድ አየር መንገድ ነው፤ ከዳላስ ዴንቨር ያመጣት ግን ሌላ ነው። እንተወው?»

ምላሽ፦

አይተዉት። ጊዜውም አላለፈም። ግን ነገ ሳይሉ ዛሬውኑ ይጻፉ። ስልኩ ይብቃ።

የሻንጣ አገልግሎት ካውንተር ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ተጓዦች የካሳ ጥያቄያቸውን እንዲያዘጋጁ እረዳለሁ። ካሳ ሳያገኝ የሚቀረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መብት ያጣ ሰው አይደለም። በስልክ ተናግሮ፣ በስልክ «አይሆንም» ተብሎ፣ እሱኑ የመጨረሻ መልስ አድርጎ የወሰደ ሰው ነው። ይህ ሁልጊዜ ያናድደኛል። በተለይ ለልጅና ለልጅ ልጅ ብለው ወር ሙሉ ሲያዘጋጁ የከረሙትን ስንቅ ይዘው የመጡ እናቶች ላይ ሲደርስ።

መጀመሪያ ሕጉን እንያዝ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይመጣል። የእናትዎ ጉዞ ዓለም አቀፍ ስለሆነ የሚገዛው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የሞንትሪያል ስምምነት ነው። አሜሪካ ከ2003 ጀምሮ፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ከ2014 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናቸው። እስራኤል፣ ሳዑዲ አረቢያ፣ የአረብ ኤምሬቶችና ሊባኖስም አባል ስለሆኑ ከእነዚያ አገሮች ለምትጽፉልኝም ነገሩ ያው ነው። ከዳላስ ወደ ዴንቨር ያለው በረራ የአገር ውስጥ ቢመስልም፣ በአንድ ቲኬት ተያይዞ የተገዛ ስለሆነ የዓለም አቀፉ ጉዞ አካል ነው።

ስምምነቱ ስለ ሻንጣ የሚለው ግልጽ ነው። አየር መንገዱ ተረክቦ በእጁ ሳለ ሻንጣው ከተጎዳ ተጠያቂው እሱ ነው። ሠራተኛው ወርውሮት ይሁን ማሽን ጨፍልቆት፣ እርስዎ ጥፋቱን ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። አየር መንገዱ ነጻ የሚወጣው ጉዳቱ ከሻንጣው ወይም ከዕቃው ከራሱ ባሕርይ፣ ጥራት ወይም ጉድለት በመጣበት መጠን ብቻ ነው። ተጓዡ ራሱ ለጉዳቱ አስተዋጽኦ ካደረገም በዚያው ልክ ይቀነሳል።

አሁን ወደ ሦስቱ መልሶች እንሂድ።

«ኤርፖርቱን ሳትለቁ ማመልከት ነበረባችሁ» ያሉት ለዓለም አቀፍ ጉዞ ትክክል አይደለም። ለተጎዳ ሻንጣ ስምምነቱ የሚሰጠው ጊዜ ሻንጣው እጅ ከገባበት ቀን አንስቶ 7 ቀን ነው። የሚቆጠረው የካሌንደር ቀን ነው፤ ቅዳሜና እሑድም አለበት። ቅሬታው በጽሑፍ መሆን አለበት። በ7 ቀን ውስጥ መላኩ በቂ ነው፤ እነሱ መቼ ከፍተው አነበቡት የሚለው አይቆጠርም። 7 ቀኑ ሳይጻፍ ካለፈ ግን፣ አየር መንገዱ አጭበርብሮ ካልሆነ በቀር፣ የመክሰስ መብት ጭራሽ ይቀራል። ሦስት ቀን አለኝ ብለው እንዳይዘናጉ የምለው ለዚህ ነው።

ሳይናገሩ መውጣታችሁ ምንም አላስከተለም ማለት ግን አይደለም። ተጓዥ ቅር ሳይለው ሻንጣውን ከተረከበ፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ሻንጣው ደህና ሆኖ እንደደረሰ ይገመታል። ስለዚህ ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም ወደ እናንተ ዞሯል። ካውንተር ላይ ቢያመለክቱ ኖሮ ሠራተኛው ሻንጣውን አይቶ የጉዳት ሪፖርት ይሞላላችሁ ነበር። ያ ሪፖርት የኤርፖርቱን ሦስት ፊደል፣ የአየር መንገዱን ሁለት ፊደልና አምስት አሃዝ የያዘ ቁጥር አለው። አሁን የሪፖርቱን ቦታ ፎቶ መተካት አለበት። የአሜሪካ የአገር ውስጥ በረራ ብቻ ለሚይዝ ሰው ደግሞ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ብዙ አየር መንገዶች በ24 ሰዓት ውስጥ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ ባነሰ ጊዜ አመልክቱ ይላሉ። ስልክ ያነሳችው ልጅ ያነበበችልዎ የዚያን ደንብ ሊሆን ይችላል።

«ጎማና እጀታ አንሸፍንም» የሚለው የቆየ አባባል ነው። የአሜሪካ የትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ማሳሰቢያ አየር መንገዶች ጎማን፣ እጀታንና ማንጠልጠያን በጅምላ ከኃላፊነት ማውጣት እንደማይችሉ ነግሯቸዋል። ባለ ጎማ ሻንጣ ጎማው ከወለቀ ሻንጣ አይደለም፤ ሰው ሻንጣውን የሚገዛው ሊጎትተው ነው። አየር መንገዱ እምቢ ማለት የሚችለው ከተለመደው አያያዝ ለሚመጣ ትንንሽ ነገር ነው፦ ለጭረት፣ ለቆሻሻ፣ ለትንሽ ስርጉደት። ሁለት ጎማ መነቀልና የጎን መቀደድ ከዚያ ውስጥ አይገባም። ሻንጣው ያረጀና ጎማው ቀድሞም የሚንገዳገድ ከነበረ ግን ክርክሩ ይከብዳል። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ሻንጣው መቼ እንደተገዛ እውነቱን ይጻፉ።

«የሚሰበር ዕቃ አይመለከተንም» የሚለውም ለዓለም አቀፍ ጉዞ እንደዚያ በደረቁ አይሠራም። የስምምነቱን ኃላፊነት የሚያስቀር ማንኛውም የአየር መንገድ ደንብ ዋጋ የለውም፤ ይህን ስምምነቱ ራሱ ይለዋል። ያው ሚኒስቴር በ2009 ባወጣው መመሪያም፣ አየር መንገዱ በዓለም አቀፍ ጉዞ ተቀብሎ ከጫነ በኋላ የዕቃ ዓይነት እየዘረዘረ «ለዚህ አልጠየቅም» ማለት እንደማይችል አስታውቋል። ግን ስለ ጀበናው በሐቅ ልንገርዎ። ሸክላ በባሕርይው ተሰባሪ ነው። «ጉዳቱ ከዕቃው ባሕርይ ነው» የሚለውን ክርክር በቀላሉ ያነሱታል። በፎጣ ተጠቅልሎ፣ በካርቶን ገብቶ፣ ከተቀደደው ጎን በኩል ተቀምጦ ከነበረ ይጻፉት። እንዲያው በልብስ መሃል ተወሽቆ ከነበረ ግን ዋናውን ጉልበትዎን ሻንጣውና ቀሚሱ ላይ ያድርጉ።

በርበሬው ላይ የሚያነሱት «በደንብ አላሸጋችሁትም» የሚል ነው። ይህን ለመመለስ ጉዳቱ እንዴት እንደተያያዘ ማሳየት ያስፈልጋል። ሻንጣው የተቀደደው በየት በኩል ነው? የበርበሬው ላስቲክ የፈነዳው በዚያው በኩል ነው? ቀሚሱስ ከአጠገቡ ነበር? ሦስቱ አንድ ቦታ ከተገናኙ ላስቲኩን ያፈነዳው ሻንጣውን የቀደደው ኃይል እንደሆነ ፎቶው ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ቀሚሱን ካላጠባችሁት ቆዩ። ፎቶ ሳይነሳ ውኃ አይንካው። ከታጠበ ደግሞ የቀረውን ነጠብጣብ አንሱ፤ ላውንደሪ ወስዳችሁት ከሆነ ደረሰኙን አስቀምጡ። የማጽጃው ዋጋም ይጠየቃል።

ፎቶ ሲያነሱ ሻንጣውን ሙሉውን ከአራቱም ጎን፣ ከዚያ ጎማ የተነቀለበትን ቦታ ከቅርብ፣ የተቀደደውን፣ እጀታው ላይ የተለጠፈውን የሻንጣ መለያ ወረቀት ከነቁጥሩ ያንሱ። መለያው አሥር አሃዝ አለው። ቦርዲንግ ፓሱ ላይ ወይም ፓስፖርቱ ጀርባ ላይ የተለጠፈችው ትንሿ ቁራጭም አትጣል። ሻንጣውንም ጉዳዩ እስኪዘጋ አይጣሉት። «አምጡና እንየው» ሊሉ ይችላሉ። የሌለን ሻንጣ ማሳየት አይቻልም።

ሌላ የሚጠየቁት ነገር አለ። ወደ አሜሪካ የሚገባ ሰው መጀመሪያ ባረፈበት ኤርፖርት ሻንጣውን ተረክቦ፣ በጉምሩክ አልፎ፣ መልሶ ለቀጣዩ በረራ ያስረክባል። እናትዎ ዳላስ ላይ ሻንጣውን ሲያነሱ ጎማው ነበር? ይህን ዛሬ ረጋ ብለው ይጠይቋቸው። «ዳላስ ላይ እየጎተትኩት ነበር» ካሉ ጉዳቱ የደረሰው ከዚያ በኋላ፣ በሁለተኛው አየር መንገድ እጅ ነው። ካላስታወሱም አይጨነቁ። ያስታወሱትን ብቻ ይጻፉ፤ ግምት አይጨምሩበት።

ዳላስ ላይ መልሰው ካስረከቡ በኋላ ሻንጣው በቲኤስኤ (በአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት መሥሪያ ቤት) ፍተሻ ያልፋል። ውስጡ «ሻንጣዎ ተፈትሿል» የሚል ወረቀት አግኝታችኋል? ቁልፉ የተቆረጠ፣ ዕቃው የተመሰቃቀለ ከሆነ ለቲኤስኤም ለብቻ ማመልከት ይቻላል። እዚያ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው፤ ምላሹም ወራት ይፈጃል። ጎማ ነቅሎ ጎን የሚቀድድ ፍተሻ ግን እምብዛም አያጋጥምም። አየር መንገዱ «ቲኤስኤ ነው ያበላሸው» ብሎ ሊያሰናብትዎ ቢሞክር የእነሱ ወረቀት ውስጡ ነበር አልነበረም የሚለውን መልስ ይያዙ።

«ለማን እንጻፍ?» የሚለው ሰውን በጣም ያደክመዋል። አንዱ ወደ ሌላው ይልካል፣ ያኛው መልሶ ይልካል፣ በመሃል 7 ቀኑ ያልቃል። መልሱ ቀላል ነው፤ ለሁለቱም በአንድ ቀን ይላኩ። ሻንጣን በተመለከተ ተጓዥ መጀመሪያ የጫነውን፣ መጨረሻ ያደረሰውንና ጉዳቱ በእጁ ሳለ የደረሰበትን አየር መንገድ ሊጠይቅ ይችላል። ከእነዚህ መካከል ማን ምን ያህል እንደሚከፍል የሚከራከሩት እርስ በርሳቸው ነው እንጂ ከእናትዎ ጋር አይደለም። በተግባር ሻንጣውን መጨረሻ ያስረከበው አየር መንገድ ነው ጉዳዩን የሚይዘው። ስለዚህ ዋናው ክትትልዎ ዴንቨር ካደረሳቸው ጋር ይሁን፣ ቲኬቱን የሸጠውም ቅጂው ይድረሰው።

ደብዳቤው ረጅም አይሁን። ቁጣም አይግባበት። ቁጣው አግባብ ቢሆንም የሚያነበው ሠራተኛ የሚፈልገው ቁጥርና ቀን ነው። በእንግሊዝኛ ይጻፉት፤ ይዘቱ ግን እንዲህ ይሁን፦

«እኔ (ሙሉ ስም በፓስፖርቱ እንዳለ)፣ በዚህ ቀን፣ በእነዚህ የበረራ ቁጥሮች ከአዲስ አበባ ወደ ዴንቨር ተጉዣለሁ። የቲኬት ቁጥሬ ይህ ነው። የሻንጣ መለያ ቁጥሬ ይህ ነው። ሻንጣዬን በዚህ ቀን ስረከብ ሁለት ጎማው ተነቅሎ፣ ቀኝ ጎኑ ተቀዶ አገኘሁት። በዚሁ ምክንያት በውስጡ የነበረ ቀሚስ ተበላሽቷል፣ ጀበና ተሰብሯል። ይህ በሞንትሪያል ስምምነት አንቀጽ 31 መሠረት በ7 ቀን ውስጥ የቀረበ የጽሑፍ ቅሬታ ነው። የተጎዱት ዕቃዎች ዝርዝርና ዋጋቸው ከዚህ ጋር ተያይዟል። ድምሩ ይህን ያህል ዶላር ነው። የደረሳችሁ መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጡልኝ።»

የአንቀጹን ቁጥር መጥቀሱ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንደጻፈው ያሳያል፤ ፋይሉም በተለየ ዓይን ይታያል። ደብዳቤው በእናትዎ ስም ይሁን፤ ተጓዧ እሳቸው ናቸው። እርስዎ እንዲከታተሉላቸው ከፈለጉ «ልጄ በእኔ ስም እንድትጽፍና እንድትቀበል ፈቅጃለሁ» የሚል አጭር ወረቀት ፈርመው ይያያዝ። በድረ ገጹ ቅጽ ከሞሉ «ላክ» ከማለትዎ በፊትና በኋላ ስክሪንሻት ይያዙ። ኢሜይል ካለ በኢሜይልም ይላኩ፤ ቀኑ ተመዝግቦ የሚቀረው እዚያ ነው። የዋጋው ዝርዝር ዛሬ ካልደረሰ እንኳ ቅሬታው ይሂድ፤ ዝርዝሩ በኋላ ይከተላል።

ዋጋ ላይ የኛ ሰው የሚቸገርበት ነገር ደረሰኝ ነው። የሻንጣው ይገኝ ይሆናል። ከሽሮ ሜዳ የተገዛ ቀሚስ ግን የትኛው ደረሰኝ? የተከፈለው በቴሌብር ወይም በባንክ ከሆነ የዝውውሩ መልእክት ስልክ ውስጥ አለ። ካልሆነ ሻጯ ዋጋውንና ቀኑን ጽፋ፣ ፈርማ፣ በቴሌግራም ፎቶውን ትላክላችሁ። እናትዎ ቀሚሱን ሲለኩ የተነሱት ፎቶ ካለም ይጠቅማል። ያንኑ ዓይነት ቀሚስ አሁን የሚሸጥበትን ዋጋ ያሳዩ። በርበሬውንም አትናቁት፤ በርበሬው፣ ኮረሪማው፣ ማስፈጫው ገንዘብ ነው። በኪሎ ገምተው ያስገቡ። ዋጋውን ግን አያጋንኑት። አንዱ ላይ የተጋነነ ቁጥር ካዩ ሌላውንም መጠራጠር ይጀምራሉ።

ስንት ይከፈላል? ድሮ በዋርሶው ስምምነት ጊዜ ካሳው በኪሎ ይሰላ ነበር፤ አሁንም «በኪሎ ይህን ያህል ነው» የሚሉ ሰዎች ያጋጥማሉ። ያ ለእናትዎ ጉዞ አይሠራም። አሁን ጣሪያው ለአንድ ተጓዥ 1,519 ኤስዲአር ነው፤ ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው። ወደ ዶላር ሲመነዘር ጣሪያው ከ2,000 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። ይህ ለአንድ ሰው ነው እንጂ ለአንድ ሻንጣ አይደለም። ደግሞም ጣሪያ ነው፤ የተጎዳውን ያህል እንጂ ሙሉውን ሁሉ ሰው አያገኝም። ከዚያ በላይ የሚያወጣ ዕቃ የሚጭን ሰው ሻንጣውን ሲያስረክብ ዋጋውን አስመዝግቦ ተጨማሪ መክፈል ነበረበት።

ለእንግልቱና ለሐዘኑ ብላችሁ 10,000 ዶላር እንዳትጠይቁ። ስምምነቱ ለመቅጫ ተብሎ የሚከፈል ካሳ አይፈቅድም። የጥያቄውን ክብደት ይቀንሳል እንጂ ምንም አይጨምርም።

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያቀርቡት ሻንጣውን ማሠራት፣ ሌላ ሻንጣ መስጠት ወይም የጉዞ ቫውቸር ነው። በዕድሜው ልክ ከዋጋው ላይ መቀነሳቸው የተለመደ ነው፤ የሦስት ዓመት ሻንጣ በአዲስ ዋጋ አይከፈልም። የሚሰጧችሁ ሻንጣ በመጠንም በጥራትም የሚመጣጠን ከሆነ መቀበል ይቻላል። ግን ከመፈረም በፊት ወረቀቱን ያንብቡ። «ጥያቄዬ ሙሉ በሙሉ ተጠናቋል» የሚል ከሆነ የቀሚሱ ጉዳይም አብሮ ተዘጋ ማለት ነው። ቫውቸርን በተመለከተ የእኔ ምክር ግልጽ ነው፤ እናትዎ በቅርቡ ተመልሰው የማይበሩ ከሆነ ገንዘብ ይጠይቁ።

እምቢ ካሉ ወይም ዝም ካሉ ለትራንስፖርት ሚኒስቴሩ በድረ ገጹ ያመልክቱ። ክፍያ የለውም። ወደ አሜሪካ የሚበሩ አየር መንገዶች፣ የውጭዎቹም ጭምር፣ የጽሑፍ ቅሬታ መድረሱን በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ፣ ቁርጥ ያለ መልስ ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ መስጠት አለባቸው። ሚኒስቴሩ ራሱ ካሳ አይፈርድም። ግን ቅሬታው በእሱ በኩል ሲመጣ ሌላ ሰው፣ ሥልጣን ያለው ሰው እጅ ይገባል። «አይሆንም» የተባለ ፋይል በዚህ መንገድ ሲከፈት ብዙ አይቻለሁ። ትኬቱ የተገዛበትን ክሬዲት ካርድም ይመልከቱ፤ አንዳንዱ ካርድ የሻንጣ ጉዳት ይሸፍናል፣ እሱም የራሱ የጊዜ ገደብ አለው።

ፍርድ ቤት የመጨረሻው መንገድ ነው፤ ለዚያ ሁለት ዓመት አላችሁ። የኮሎራዶ የአነስተኛ ክሶች ችሎት እስከ 7,500 ዶላር ያያል። ጠበቃ አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። የእናትዎ ቲኬት ደርሶ መልስ ከሆነ በስምምነቱ አተረጓጎም መድረሻቸው ዴንቨር ሳይሆን አዲስ አበባ ነው። እዚህ ለመክሰስ ሌላ ምክንያት ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ለምሳሌ አየር መንገዱ የአሜሪካ መሆኑ፣ ወይም ቲኬቱ የተገዛው እዚህ ባለው ቢሮው በኩል መሆኑ። እዚያ ከደረሰ ቲኬቱን ይዘው የሕግ ሰው ያነጋግሩ። ብዙው ጉዳይ ግን እዚያ ሳይደርስ ያልቃል።

እናትዎ ሲመለሱ ደግሞ ሻንጣው ሚዛን ላይ ሳለ፣ ከነመለያው አንድ ፎቶ ያንሱ። ሠራተኛው «ሻንጣው ከመጠን በላይ ታጭቋል» ወይም «ቀድሞም ተጎድቷል» ብሎ በመለያው ላይ እንዲፈርሙ ከጠየቃቸው ዝም ብለው አይፈርሙ። ያ ፊርማ በኋላ አየር መንገዱ የሚከራከርበት ወረቀት ይሆናል። ሻንጣው ከታጨቀ እዚያው ዕቃ ቀንሰው ወደ ሌላው ያዛውሩ። ጉዳት አለ ከተባለ የትኛው ቦታ ላይ እንደሆነ ለይቶ እንዲጽፍላቸው ይጠይቁት፤ ከዚያ ያንኑ ቦታ ፎቶ አንስተው ይፈርሙ።